እስከዚህች ሰዓት

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ከሰንበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «እግዚአብሔርን የምወድበት አምስት ምክንያት» ይላል። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እሷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እየጮኸች ትጽፋለች። «አንድ፣ ስለፈጠረኝ። ሁለት፣ ለእማዬ። ሦስት፣ ለድመታችን።» አራተኛው ላይ ስትደርስ እርሳሷን ነከሰች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ሁለት ምክንያት ነገርኳት። ሦስተኛው ላይ ቃል አጠረኝ። ምክንያት ጠፍቶ አይደለም። አፌ ላይ የመጣው ሁሉ የፈተና መልስ መሰለኝ። እሷ እኔን መጠበቅ ሰልችቷት አራተኛውን «ለጤና»፣ አምስተኛውን «ለፒዛ» ብላ ዘጋችው። መምህሯ ምን እንዳላት አልጠየቅኩም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴን ሳስብ አደርኩ።

እናቴ በሕይወቷ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት በቀን ከአራት የሻይ ብርጭቆ በላይ ውሃ አይፈቀድላትም ነበር። ሻዩም፣ ቡናውም፣ ሾርባውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ኩላሊቶቿ ሥራ ስላቆሙ የጠጣችው ውሃ መውጫ የለውም። እግሯን ያሳብጣል፣ ፊቷን ያሳብጣል፣ ሲብስ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ስለዚህ ውሃ በቤታችን እንደ መድኃኒት ይሰፈር ነበር። ጠዋት አንድ። ከመድኃኒቷ ጋር አንድ። ከሰዓት አንድ። ማታ አንድ።

እና እያንዳንዷን ብርጭቆ ስትጨርስ «ተመስገን» ትላለች።

እውነቱን ልናገርና ያ ቃል ያበሳጨኝ ነበር። ልጅ ሆኜም አልወደውም። መብራት ሲመጣ ተመስገን፣ መብራት ሲጠፋ «ሻማ አለን፣ ተመስገን»። ትርጉም የለሽ የአፍ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ሳያስብ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚለው ዓይነት። አንድ ቀን ታዲያ አልቻልኩም። ማታ አራተኛዋን ብርጭቆ ጨርሳ ተመስገን ስትል፣ «እማዬ፣ አሁን ይሄ ምኑ ነው የሚመሰገነው?» አልኳት።

ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። «ውሃው ነዋ» አለችኝ።

ስለ እናቴ ትንሽ ልበል። ፊደል የቆጠረችው ልጅ ሆና አይደለም፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻውን ያወጀው መንግሥት ለሃይማኖት ብዙም ፍቅር አልነበረውም። እሷ ግን ፊደሉን እንደያዘች መጀመሪያ ያነበበችው መዝሙረ ዳዊትን ነው። ስለዚህ ደርግንም ታመሰግናለች። «ለዚህ ብቻ፣ ለሌላው አይደለም» ትላለች። ዳዊቷን በሰባቱ ቀናት ከፍላ ትደግም ነበር። ከታመመች በኋላ ዓይኗ ስለደከመ የማነብላት እኔ ሆንኩ።

በዚህ ምክንያት ነው ከመቶ ሁለተኛው መዝሙር ጋር የተጣላሁት። (በሌላው ቁጥር መቶ ሦስተኛው ነው።) «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ፥ ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ» ይላል መጀመሪያው ላይ። እስከዚያ ደህና ነው። እንዲያውም ደስ የሚለኝ ነገር አለው። ሰውዬው የሚያዘው የራሱን ነፍስ ነው። ማመስገን በራሱ የሚመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ «አትርሺ» ማለት ባላስፈለገ። ቀጥሎ ግን ደዌሽን ሁሉ የሚፈውስ ይላል። እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄ ይቀንሳል። ክንዷ ላይ የመርፌ ፋሻ ለታሰረላት ሴት ይህን ጮክ ብሎ ማንበብ ያሳፍራል። አንዴ ዘልዬው ላልፍ ሞከርኩ። በቃሏ ትይዘዋለችና ያዘችኝ።

«ዘለልሽ።»

«ዘለልኩ። አንቺ ግን ታምኚዋለሽ? ሁሉን የሚለውን?»

«ሁሉ ይላል እንጂ መቼ አይልም» አለችኝና እንድቀጥል በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

የኩላሊት እጥበት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ ክንድ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ጥገና ያገናኙታል። ያ ቦታ ቀን ከሌሊት ይንቀጠቀጣል። እጃችሁን ስታሳርፉበት ድመት ሆዷን ሲነኳት እንደምታጉረመርመው ያጉረመርማል። እዚያ ላይ ሁለት ወፋፍራም መርፌ ይገባል። በአንዱ ደም ይወጣል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ በሌላው ይመለሳል። አራት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ። የእናቴ ተራ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነበር። ከመጀመሩ በፊት ሚዛን ላይ ትወጣለች። ካለፈው ሁለት ኪሎ ተኩል ከጨመረች ነርሷ ቅንድቧን ትሰበስባለች። «እናቴ፣ ዛሬም ጠጥተዋል አይደል?» እናቴ እንደ ተማሪ አንገቷን ትደፋለች።

እኔ ነገሩን ለመረዳት ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ጭንቀት ሲይዘኝ የማደርገው ነው፤ ቁጥር እሰበስባለሁ። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ ሆና እንዳይሰለቻት ያነበብኩትን ነገርኳት። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራሉ። አብዛኛውን መልሰው ለደም ይሰጡታል፤ በሽንት የሚወጣው አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው።

«180 ሊትር ስንት ነው?» አለች።

አሰብኩ። «በቢጫው ጀሪካን ዘጠኝ ጀሪካን።»

ዝም አለች። እናቴ ልጅ ሆና ከምንጭ በእንስራ ውሃ የቀዳች ሴት ናት። ሰፈራችን ውሃ ሲጠፋም ጀሪካን ተሸክማለች። ዘጠኝ ጀሪካን ምን ያህል እንደሚከብድ ወገቧ ያውቃል።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ?» ወደ ማሽኑ ዞረች። «አንድ ቀን እንኳ ስለ ኩላሊቴ አመስግኜ አላውቅም እኮ። መኖሩንም አላውቅም።»

ይህ ንግግር ነው ውስጤ የቀረው። ምክንያቱ ቅዳሴ ላይ የምንሰማው አንድ ጸሎት ነው። የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኮቴት ይባላል፤ አኮቴት ምስጋና ማለት ነው። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል። በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው፣ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖችም ይጸልዩታል፤ ሠርግ ሆነ ቀብር ሳይሉ የአገልግሎታቸው መክፈቻ ያደርጉታል። ለምን እንደምናመሰግን ጸሎቱ ራሱ ይዘረዝራል። ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ዝርዝሩን ግን አስተውዬው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቃል «ሠወረነ» ነው። ሰውሮናልና።

የሰጠን ነገር አይደለም የቀደመው። እንጀራ አላለም፣ ልጅ አላለም፣ ጤና አላለም። መጀመሪያ የመጣው ሳናየው ያለፈው ነገር ነው። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ከክፉ ይሰውርህ» የሚሉት ያው ቃል ነው። የተሰወሩለትን ነገር ደግሞ አያዩትም። ስለዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። የልጄ የቤት ሥራ ላይም አይጻፍም። ዘጠኝ ጀሪካኑ በጨለማ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ፣ እናቴ ስታረግዝም ስትወልድም ስትቆጣም ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሲቆም ነው መኖሩ የታወቀው።

እዚህ ላይ ቶሎ ብዬ «አያችሁ!» ማለት አልፈልግም። ነገሩ ሌላ ፊት አለው። የእናቴን ኩላሊት የጎዳው ለዓመታት ያልታወቀ የደም ግፊት ነው። እሱም ተሰውሮ ነበር። አያምም፣ አይጮህም። ጊዜው ሲያልፍ ነው የታየው። እግዚአብሔር ክፉን ይሰውረናል ብዬ ሳመሰግን ክፉውም ከእኛ የሚሰወርበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የለኝም። መልስ አለኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ ወንበሬን ትንሽ ራቅ አደርጋለሁ።

ከዚያ ውይይት በኋላ ግን ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ የማመሰግንባቸውን ነገሮች መጻፍ ጀመርኩ። ፋሽንም ነበር፤ መሥሪያ ቤት ያሉ ጓደኞቼ ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሒሳብ መዝገብ መሰለኝ። በግራ የተቀበልኩት። በቀኝ፣ ሳልጽፈው፣ ያላገኘሁት። እኛ ደግሞ ውለታ የሚባለውን ነገር እናውቀዋለን። ውለታ ይከፈላል። ያልከፈለ ውለታ ቢስ ይባላል። ደብተሬን ባየሁት ቁጥር ዕዳ ትዝ ይለኝ ጀመር። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ያከብራል፣ መንገድ ላይ ሲያየው ግን ይሸሻል። ደብተሩ አሥራ አራት ገጽ ላይ ቆመ። ጀርባው ላይ በኋላ የገበያ ዝርዝር ጻፍኩበት።

የእኛ ሰው ምስጋና ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ከጡር የሚመጣ ነው። «ተመስገን በይ፣ ጡር አለው» ይባላል። ካላመሰገንሽ ያለሽንም ያጣሻል ማለት ነው። ይህ ፍርሃት ነው፤ ነጠላ ስላጣፋ ምስጋና አይሆንም። ስለትም አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ዣንጥላው፣ ጧፉ፣ እልልታው፣ በእግር የሚመጣው ሕዝብ። እኔ በስለት አልቀልድም። አክስቴ የተሳለችውን ልታደርስ ስትሄድ ያለቀሰችውን ለቅሶ አይቻለሁ። ውል ፈርሞ የሚያለቅስ ሰው የለም፤ ከውሉ በላይ የሆነ ነገር ነበር ውስጧ። ግን ያልሰመረላቸውስ? እነሱ ማይክ አይሰጣቸውም። ምስክርነት የምንሰማው ሁልጊዜ ከደረሱት ነው።

ከሁሉም የምጠላው ግን በሌላ ሰው ላይ ቆሞ የሚመሰገነውን ነው።

ከእናቴ ጎን አልጋ ላይ አንድ አባት ነበሩ። የመርካቶ ነጋዴ፣ ሙስሊም፣ ቀልደኛ። ሁልጊዜ የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። «እንዴት አደሩ እትዬ?» «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?» «አልሃምዱሊላህ።» ከዚያ መርፌው ይገባል። ሁለት ዓመት ገደማ ይህ ነገር አንድ ቀን አልተጓደለም። እኔ ከመሃል ተቀምጬ እሰማለሁ። ሁለት ኩላሊት የሌላቸው ሰዎች በየፊናቸው ያመሰግናሉ። ረመዳን ሲገባ እናቴ «እርስዎ እንግዲህ ሁልጊዜ ጾመኛ ነዎት፣ በውሃም በምግብም» ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ። «እርስዎም ካለ ሁዳዴ ሁዳዴ ነዎት።»

አንድ ረቡዕ አልጋቸው ባዶ ነበር። አንሶላው ተቀይሯል። ማንም ምንም አላለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ባዶ አልጋ ሲታይ አይጠየቅም። ከወዲያ በኩል አንዷ አስታማሚ በሹክሹክታ «እኛን አቆይቶናል፣ ተመስገን» አለች። ክፋት አልነበራትም። ሰው ሲደነግጥ የሚለው ነው። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ቀን ቤት ገብታ ውሃዋን ጠጣች። ተመስገን አላለችም። አራቱንም ብርጭቆ ዝም ብላ ጠጣች።

ያኔ ነው የአፍ ልማድ እንዳልሆነ የገባኝ። ልማድ ቢሆን ኖሮ ያመልጣት ነበር።

ወንጌል ላይ አሥሩ ለምጻሞች አሉ። ነጽተው አንዱ ብቻ ተመልሶ ያመሰገነው፣ እሱም ሳምራዊ። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ይላል ጌታ። ስብከት ላይ ዘጠኙ ሁልጊዜ ይሰደባሉ። እኔ አዝንላቸዋለሁ። ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ የተባሉት እነሱው ናቸው፤ የታዘዙትን እያደረጉ ነበር። በሕጉ ከለምጽ የነጻ ሰው ካህን ሳያየው ወደ ሰፈሩ አይገባም። ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ስንት ዓመት ያልነኳቸው። ሮጠው ቢሄዱ ይፈረድባቸዋል? ግን አሁን አሁን ሳስበው፣ አንዱ የተመለሰው ከእነሱ የበለጠ ጨዋ ስለሆነ አይመስለኝም። ዘጠኙ ጤናቸውን ወደዱ። እሱ ሰውዬውን ወደደው። ናፈቀው። አሥሩም የተቀበሉት ስጦታ አንድ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ስጦታው ውስጥ ሊሆን አይችልም።

ኩላሊት ልሰጣት ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ 2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። እናቴ «ልጅ አለሽ» ብላ እምቢ አለች። እኔ ተደብቄ ተመረመርኩ። ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለመስጠት አልሆንም ተባልኩ። ያን የሰሙ ሰዎች «አየሽ የእሱን ሥራ! በእናትሽ በሽታ አሳብቦ ያንቺን በጊዜ አሳወቀሽ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን የእኔን ስኳር ለማሳወቅ እናቴን በውሃ ጥም የሚቀጣ አምላክ አላውቅም። ቢኖርም አልወደውም። ይህን ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ፤ ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔም አላውቀውም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። እናቴን በር ላይ አድርሼ ውጭ አጸዱ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያናድደኝ አልጠፋም። መንገድ ላይ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው፣ የበሽተኛውን ፎቶ በባነር ሰቅለው «ወገን ድረሱልን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። በየሳምንቱ አዲስ ፊት። ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ አንዴ አየሁ። መብራት ላይ ቆሜ መሪውን በእጄ መታሁት።

እናቴ አልሰበከችኝም። አንድ ቀን ስወስዳት መኪና ውስጥ፣ «ተጣላሽው?» አለችኝ።

«ተጣላሁት።»

«ታዲያ ንገሪው። ዝም አትበይው። ሰው ዝም የሚለው የማይወደውን ነው።»

በምን ቋንቋ ልንገረው ብዬ ሳስብ ነው አንድ ነገር የታየኝ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» እንሠቃያለን። የማናውቀው ሰው ፀጉሩ ሸበት ካለ እርስዎ ነው። አለቃ እርስዎ ነው። ካህኑ፣ ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ የባል እናት፣ ሁሉም እርስዎ። ስተን «አንተ» ያልነው ሽማግሌ ፊቱ ይጠቁራል። የሁሉ የበላይ የሆነውን ግን ማንም እርስዎ አይለውም። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ።» ስብከትም ላይ፣ ቅዳሴም ላይ፣ የመንደር ለቅሶም ላይ። እናቴን «አንቺ» የምላት እንደማላከብራት ለማሳየት አይደለም። እናቴ ስለሆነች ነው። «ተመስገን» ራሱ እኮ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሚባል። «ይመስገን» ስንል ስለ እሱ እናወራለን። «ተመስገን» ስንል ግን እሱን ነው የምናናግረው። እናቴ በቀን አራት ጊዜ፣ አራት ብርጭቆ ይዛ፣ አንድ ሰው ታናግር ነበር። እኔ አስተያየት የምትሰጥ መስሎኝ ነው የተበሳጨሁት።

አጸዱ ላይ ተቀምጬ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጸሎት አይመስልም። «አንተ» ብዬ ግን ነው የጀመርኩት።

የስቅለት ዕለትም ዓርብ ስለሆነ ማሽኑ አይቀርም። ሌላው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን እየሰገደ ነው። እናቴ አልጋ ላይ ተኝታ፣ አንዱ ክንዷ ታስሮ፣ በሌላው እጇ ጣቶች ስግደት ትቆጥራለች። አንድ ጣት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል። በጥጥ ውሃ ነክሬ አራስኩላት። እኔ በስልኬ የዮሐንስን ወንጌል እያነበብኩላት ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ፣ መስቀል ላይ ሆኖ «ተጠማሁ» የሚለው ጋር ስደርስ ቆምኩ። እሷም ጣቷን አቆመች።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ባሕርን የፈጠረው ተጠማ ብለው ሊቃውንቱ ሲራቀቁበት ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ርቀት አልነበረውም። የደረቀ ከንፈር ነው። ውሃ የሚለምን ሰው ነው። የሰጡት ደግሞ ኮምጣጤ ነው፣ በሰፍነግ። በእጄ የያዝኩትን እርጥብ ጥጥ አየሁት።

«ያውቀዋል እኮ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

ሌላ ምንም አላለችም። ጣቷን መቁጠር ቀጠለች። ልጄ ሦስተኛውን ምክንያት ስትጠይቀኝ አፌ ላይ መጥቶ ያልወጣው ይህ ነበር መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመት ለሆነው ሰው፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ እንዴት ይነገራል? የሚሰጠኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ፤ ልማዴም ነው፣ ግዴታዬም ነው። የወደድኩት ግን የተጠማውን ነው። እናቴ ከማንም የተሻለ ታውቀው የነበረውን ነገር ያወቀውን። እሱን ስወደው ውለታ የምከፍል አይመስለኝም።

በአርባዋ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያን ጸሎት እንደገና ሰማሁት። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናልና እያለ ይሄዳል። የሚያበቃው «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ነው። እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ሰዓቷ መልካም መሆኗን አይናገርም። ጥቁር ለብሼ ነበር። ጸበል ጻዲቁ ውጭ ተዘጋጅቷል፣ የዕድር ድንኳን ተተክሏል፣ የእናቴ ጓደኞች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ዲያቆኑ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ ድምፁ ይሰበራል። እስከዚህች ሰዓት። እውነት ነበር። ደርሰናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም።

በመጨረሻው ሳምንት ልቧ ማሽኑን አልችል አለ። ሐኪሙ እኔንና ወንድሜን ወደ ኮሪደር ጠርቶ አነጋገረን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ቸኩሎ አልተናገረም። ስንለያይ «ካሁን በኋላ የፈለጉትን ይጠጡ፣ አትከልክሏቸው» አለን። ወደ ቤት አመጣናት። ወጥ ቤት ገብቼ የሻይ ብርጭቆውን ትቼ ትልቁን፣ የእንግዳውን ብርጭቆ አነሳሁ። አፉ ድረስ ሞላሁት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ፈሰሰ።

ቀና አድርጌ ያዝኳት። ብርጭቆውን አይታ ቅንድቧን አነሳች፤ ነርሷ የምትቆጣ ይመስል ወደ በሩ አየች። «ይቻላል እማዬ፣ ሁሉንም ጠጪው» አልኳት። ሁለቴ ተጎነጨች። በጣም በዝግታ። ሦስተኛው ላይ እጄን ገፋ አደረገችው።

«ተመስገን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በቃኝ። አንቺ ጨርሺው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣሽም።»

እውነቷን ነበር። ቆሜ ጨረስኩት።

ብርጭቆው እስካሁን አለ። አፉ አንድ በኩል ትንሽ ተሸርፏል። ልጄ የጥርስ ብሩሿን ታስቀምጥበታለች።